ሰልፉ የት ሄደ? ጥሬ ገንዘብ ሳንነካ መዝናኛ ፓርክ ስንከፍት

ፓርኩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተዘጋ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ የሥራ ኃላፊዬ ጠርታኝ «ስንከፍት ጥሬ ገንዘብ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም፤ እንዴት እንደሚሆን አስበህ ንገረኝ» አለችኝ። ከወረርሽኙ በፊትም የቲኬት መስኮቶቹና የዕለቱ ሒሳብ በእኔ እጅ ስለነበሩ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ካርድ ማንበቢያ እንገዛለን፣ ጥሬ ገንዘብ እናግዳለን፣ በየመስኮቱ ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ አለቀ። «ሁለት ሳምንት ይበቃኛል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሁለቱን ሳምንት ሰጠችኝ። ሥራው ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ከተከፈተም በኋላ ወቅቱን ሙሉ ስጠግነው ኖርኩ።

የጀመርኩት ቀድመው የከፈቱትን በማየት ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሻንጋይ ዲዝኒላንድ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2020 ጀምሮ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሜይ 11 ሲከፈት መንግሥት የፈቀደለት የመደበኛ አቅሙን 30 በመቶ፣ ማለትም በቀን 24,000 ሰው ብቻ ነበር፤ ፓርኩ ደግሞ ከዚያም ዝቅ አድርጎ ጀመረ። የኔዘርላንዱ ኤፍተሊንግ ሜይ 20፣ የጀርመኑ ዩሮፓ ፓርክ ሜይ 29 ተከተሉ። በጃፓን የፓርክ ማኅበራት ያወጡት መመሪያ ጎብኚዎች በሮለር ኮስተር፣ ማለትም በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚምዘገዘገው መጫወቻ ላይ እንዳይጮሁ ይጠይቅ ነበር። ፉጂ ኪው ሃይላንድ የተባለው ፓርክ ይህንኑ ለማሳየት ሁለት ኃላፊዎቹ ጭምብል አድርገው፣ ፊታቸው ሳይነቃነቅ፣ ጭጭ ብለው ከዚያ ከፍታ ቁልቁል ሲምዘገዘጉ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ፤ መልእክቱም በልባችሁ ጩኹ የሚል ነበር። ስብሰባ ላይ አይተነው ሆዳችን እስኪታመም ሳቅን። ከዚያ አንዱ «እኛስ ምን ልንል ነው?» ሲል ሳቁ ቆመ።

ብዙዎቹን ፓርኮች የሚያመሳስል አንድ ነገር ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም። ሰው ቀን የተቆረጠለትን ቲኬት ከቤቱ ሳይወጣ ይገዛል፤ በሩ ላይ ገንዘብ የሚባል ጉዳይ አይነሳም። እኔ ግን ዓይኔ ሁሉ የማንበቢያ ማሽን ዋጋ ላይ ነበር።

ማሽኖቹ መጡ። ያለ ንክኪ የሚከፈልበት ካርድ ባትሪ የለውም፤ ውስጡ ቺፕና ቀጭን አንቴና አለ። ማንበቢያው በ13.56 ሜጋኸርዝ በሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ቺፑ ነቅቶ ለዚያ ክፍያ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ያመነጫል፤ ኮዱን አንድ ሰው ቢሰርቀው እንኳ ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራለትም። ርቀቱ ግን አጭር ነው፤ ከ4 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ይህን አውቅ ነበር። የዘነጋሁት የመስኮቶቻችን ደፍ ብረት መሆኑን ነው። ማሽኖቹን ደፉ ላይ በብሎን አሰርናቸው፤ ለሙከራ ካርድ ሲቀርብላቸው አንዴ ያነባሉ፣ አንዴ ዝም ይላሉ። የላከልንን ድርጅት በስልክ ስጨቃጨቅ ዋልኩ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው ከጥገና ክፍል የመጣ አናጺ ነው። አንዱን ማሽን ፈትቶ በእጁ ያዘና ካርድ አስጠጋለት፤ ወዲያው ጮኸ። መልሶ ብረቱ ላይ አስቀመጠው፤ ዝም። «ብረቱ ነው የሚያፍነው» አለኝና በየማሽኑ ሥር ሁለት ጣት የሚወፍር ጣውላ ገጠመ። ብረት አጠገቡ ያለን አንቴና እንደሚያዳክም በኋላ አነበብኩ፤ እሱ ግን ሳያነብ ደረሰበት።

ቀጥሎ የመጣው የክፍያ ጣሪያ ነው። ካርድ አስጠግቶ ብቻ መክፈል የሚቻለው እስከተወሰነ መጠን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ማሽኑ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። በዚያ ሰሞን ብዙ አገሮች ጣሪያውን ከፍ አድርገዋል፤ ለምሳሌ ብሪታንያ በኤፕሪል 1 ቀን 2020 ከ30 ወደ 45 ፓውንድ አሳደገችው። ብቻውን ለመጣ ሰው ይበቃል። መዝናኛ ፓርክ ግን ብቻውን የሚመጣ ሰው ስንት ነው? እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አክስት ተደምረው ሒሳቡ ጣሪያውን ጥሶ ይወጣል። ስለዚህ ንክኪ እናጠፋለን ብለን በገዛነው ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ የመቶዎች ጣት ሲያርፍ ዋለ። ጥሬ ገንዘብ ቢያንስ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ያቺን የቁጥር ሰሌዳ ግን ሁሉም ይነካታል።

«በስልክ ይክፈሉ» አልን። ስልክ ባለቤቱን ራሱ ስለሚያረጋግጥ ቁጥር ወደ ማሽኑ ማስገባት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ጥሩ። ነገር ግን ባለቤቱን በምን ያረጋግጣል? በፊቱ። ፊቱ ደግሞ በእኛ ትእዛዝ ተሸፍኗል። ሰዎች መስኮቱ ጋ ሲደርሱ፣ ከሠራተኛዋ ፊት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ስልካቸውን ያዩ ጀመር። በጣት አሻራ የሚከፍቱት ደግሞ በር ላይ በሰጠናቸው ሳኒታይዘር ጣታቸው ርሶ ስልኩ አላውቅህም ይላቸዋል። አፕል ስልኩ ጭምብል ያደረገ ፊት እንዲለይ ያደረገው በማርች 2022 ነው፤ ለእኛ የሠርግ ማግስት ዘፈን ሆነ። እኔ ያደረግኩት ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ቀደም ብሎ መሬት ላይ «የስልክዎን የሚስጥር ቁጥር እዚህ ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ነበር። ከገዛነው መሣሪያ ሁሉ የበለጠ የጠቀመን ይህ ተለጣፊ ወረቀት ነው ብል አላጋነንኩም።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት መስኮቶቹ እንደ ውኃ ይፈሳሉ። አንዱን ቤተሰብ ለማስተናገድ ድሮ በጥሬ ገንዘብና በመልስ ቆጠራ ከሚወስደው ጊዜ ሲሶውም አልወሰደም። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ስል ከመስኮቶቹ ፈጥኖ ያለፈው ሰው በሙሉ ሙቀት መለኪያው ጋ ተከማችቷል። ገደባችን 38 ዲግሪ ነው፤ በፍሎሪዳ የሚገኙት ትልልቅ ፓርኮችም የያዙት ይህንኑ ነበር። ግንባር የሚለካው መሣሪያ ግን ትኩሳትና የፀሐይ ሙቀት ለይቶ አያውቅም። ከመኪና ማቆሚያው ድረስ በፀሐይ የተጓዘ ሕፃን 38.3 ያሳያል፤ እናቱ ትደነግጣለች፣ ሠራተኛው ይደነግጣል፣ ከኋላ ያለው ያጉረመርማል። በሁለት ሜትር ልዩነት ደግሞ 100 ቤተሰብ ቢሰለፍ 200 ሜትር ነው፤ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገድ ገባ። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተክለን «ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ ይረፉና እንደገና እንለካለን» ማለት ጀመርን። አብዛኛው በሁለተኛው ልኬት አለፈ። ያን ቀን የገባኝ፣ አንዱን በር ባሰፋሁ ቁጥር ሰልፉ የሚሄደው ወደሚቀጥለው ጠባብ በር መሆኑ ነው። እኔ ሰልፉን በፍጥነት አመላለስኩት እንጂ አላጠፋሁትም።

በዚያው ዕለት ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ሌላ ጉድ መጣ፤ የገቢው መጠን ከገባው ሰው ቁጥር በልጧል። ገቢ ሲጎድል ማየት የለመድኩ ሰው ሲተርፍ ይበልጥ ደነገጥኩ። ምክንያቱ ድምፅ ነበር። ማሽኑ ክፍያ ሲቀበል የሚያሰማው ጢጥ የሚል ድምፅ በፕላስቲኩ ግርዶሽ፣ በሙዚቃውና በሕዝቡ ጫጫታ መካከል ይጠፋል። ኔትወርኩ ሲዘገይ ሠራተኛው አልተከፈለም ብሎ ክፍያውን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል፣ ደንበኛውም በቅንነት እንደገና ካርዱን ያስጠጋል። ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ለመመለስ ባንኩ ቀናት ይወስዳል፤ እስከዚያ የሚሰደበው ባንኩ ሳይሆን እኛ ነን። ከማግስቱ ጀምሮ ደንቡ አንድ ሆነ፦ የማሽኑ ስክሪን ለሁለቱም እንዲታይ ወደ ጎን ይዙር፤ «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» የሚል ጽሑፍ ሳይታይ ማንም ሰው ምንም ቁልፍ አይጫን። ሠላሳ ሴኮንድ ዝም ብሎ መጠበቅን ለወጣት ሠራተኞች ማስተማር ማሽኑን ከማስተማር ይከብዳል።

ከሁሉም ይበልጥ የማፍርበት ስህተቴ የገንዘብ ተመላሽ ደንቡ ነው። ቲኬት አስቀድሞ መሸጥ ስንጀምር ከድሮው ደንብ ላይ «የተሸጠ ቲኬት አይመለስም» የሚለውን መስመር እንዳለ ገልብጬ አስገባሁት። ሳላስብበት። በሦስተኛው ቀን አንድ አባት ድንኳኑ ሥር ሁለተኛ ልኬት እየጠበቀ ለልጁ «የራስ ምታትህን እንዳትናገር፤ ከተናገርክ ገንዘባችን ይበላል» ሲል አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። ሰውየውን አልፈረድኩበትም። ወር ሙሉ ያጠራቀመው ይሆናል። የሚያስዋሸውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ደንቡ ተለወጠ፦ ያመመው፣ የሞቀው፣ ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለበት ማንም ምስክር ወረቀት ሳይጠየቅ ቀኑን ይቀይራል፤ ከፈለገም ገንዘቡን ይወስዳል። የሒሳብ ክፍል «ሁሉም አመመኝ ይላል» ብሎ ተከራከረኝ። ጥቂቶች አሉ፤ ግን ኪሳራው የተፈራውን ያህል አልነበረም። በድንኳኑ ውስጥ ግን ሰዎች እውነት መናገር ጀመሩ። ከሙቀት መለኪያውና ከፕላስቲክ ግርዶሹ ሁሉ ያ አንድ መስመር የበለጠ ሰው ሳይጠብቅ አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጥሬ ገንዘብ እገዳውስ? አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ገንዘቡ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሏል፤ መስኮቱ ላይ ቀስ ብለው ፈትተው ዘረጉት። ተረኛዋ «አባቴ፣ ካርድ ብቻ ነው የምንቀበለው» አለቻቸው። «ካርድ የለኝም፤ ይኸው ገንዘብ» አሉ፤ ነገሩ በፍጹም አልገባቸውም። ገንዘብ አቅርበው ገንዘብ አይደለም ሲባሉ እንዴት ይግባቸው? ልጅቷ ከውስጥ የሚሰማውን የመጫወቻ ድምፅ እያዳመጠች እጃቸውን ትጎትታለች። ከኋላቸው የቆመች ሴት በካርዷ ከፈለችላቸውና ገንዘቡን ተቀበለቻቸው። እኔ ያገድኩት ንክኪ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ተፈጸመ ማለት ነው።

አንዳንድ ፓርኮች እንዳደረጉት ጥሬ ገንዘብ አስገብተው ቅድመ ክፍያ ካርድ የሚወስዱበት ማሽን ተከልን። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን በስክሪኑ የተነሳ ያ ማሽን ራሱ በፓርኩ ውስጥ በብዛት የሚነካ ዕቃ ሆነ፤ በሰዓት ሁለት ጊዜ የሚያጸዳው ሰው መመደብ ነበረብን። ለነገሩ የብር ኖት ፍርሃታችን ከመነሻውም ሚዛኑን የሳተ ነበር። በማርች 2020 የወጣው ታዋቂ የላቦራቶሪ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በመዳብ ላይ ግን ቢበዛ 4 ሰዓት እንደሚቆይ አሳይቷል፤ በዚህ ስሌት ከፕላስቲክ ካርድ ይልቅ የመዳብ ሳንቲም ይሻል ነበር! በኤፕሪል 2021 ደግሞ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ ጊዜ የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ ገለጸ። ዋናው መተላለፊያ አየሩ ነው። ያለ ንክኪ ክፍያ የጠቀመን እጅ ከብር ስላራቀ ሳይሆን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚተነፍሱበትን ጊዜ ስላሳጠረ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ለማጽጃ ፈሳሽ ያወጣሁትን ገንዘብ ለቤት ውስጥ ሰልፎች የአየር ማናፈሻ አውለው ነበር።

ስለዚህ ኃላፊዬን አሳምኜ በስተግራ ጥግ አንድ የጥሬ ገንዘብ መስኮት አስከፈትኩ። ሠራተኛዋ ገንዘቡን በትንሽ ሳህን ትቀበላለች፣ መልሱን በሳህን ትሰጣለች፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ቀኑን ሙሉ ከሃያና ሠላሳ ሰው በላይ አይመጣባትም ነበርና ባልደረቦቿ «ጡረታ ወጣሽ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ወቅቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ኔትወርኩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ስምንቱ የካርድ መስኮቶች በአንድ ጊዜ ደነዘዙ። የካርድ ሰልፍ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቦርሳውን እየፈተሸ፣ ከባለቤቱ እየተበደረ፣ ከመኪናው ኪስ የተረሳ ብር እያወጣ ወደ ግራው ጥግ ዞረ። እየሮጥኩ ስደርስ ሠራተኛዋ መስኮቷን ከፍታ አንገቷን አወጣችና «ዝርዝር አልቆብኛል፤ ከየትም ብለህ ሳንቲም አምጣልኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።