የተሰነጠቀ የአየር ፊልትሮ ጎማ፦ ሳይበጠስ አንድ ክረምት ያለፈ ልጣፍ

ክረምቱን ሙሉ የሱሉልታን ጭቃ፣ ከዚያም የበጋውን አቧራ የቻለ ልጣፍ ስለሆነ አሠራሩን ላካፍላችሁ። የበር ጎሚኒና የጭቃ መከላከያ ብዙ አያስቸግሩም፤ ሻከር ሻከር አድርጎ ማስቲሽ መቀባት ይበቃቸዋል። አስቸጋሪው ከአየር ፊልትሮ ወደ ሞተር የሚሄደው ሽንሽን ጎማ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ሲሰነጠቅ ከላይ አይታይም፤ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይረበሻል፣ የፒስታው አቧራም ሳይጣራ ገብቶ ሲሊንደሩን ይበላል። ጎማውን ፈትታችሁ የስልክ መብራት በውስጡ አብሩና ጨለማ ቦታ ላይ ጎማውን እያጎበጣችሁ እዩት። ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ካለ ስንጥቁ እዚያ ነው።

ሲላቀቅ ሰው ሁሉ ማስቲሹን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማስቲሹ በፊት ነው። «ያለሰልሰዋል» እየተባለ በናፍጣ የተወለወለ ጎማ ዘይቱን ስለሚመጥ ምንም አይይዝም። በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ይድረቅ፤ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጥቁሩ አብረቅራቂ ገጽ ጠፍቶ ደብዛዛ እስኪሆን ፈግፍጉት፤ ብናኙን በአልኮል ጥረጉ። ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም።

ልጣፉ ከአሮጌ ካላማዳሪ (በመኪና ጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው ላስቲክ) ይቆረጣል። ከስንጥቁ በየአቅጣጫው 2 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኑ ይክበብ፤ ሹል ጫፍ ቀድሞ ይነሳል። እሱም ይፈገፈግ። ሁለቱንም ገጽ ማስቲሽ በስሱ ቀቡና 15 ደቂቃ አድርቁ፤ ደግማችሁ ቀቡና በጣት ጀርባ ሲነካ የማይከተል እስኪሆን ጠብቁ። በብርዳማ ጠዋት ይህ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እርጥብ ሆኖ መለጠፍ እኔም ለረጅም ጊዜ ያልተውኩት ስህተት ነው፤ የማስቲሹ ቤንዚን መሰል ፈሳሽ ከልጣፉ ሥር ታፍኖ ይቀርና ልጣፉ ያብጣል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጎማው ተጨምቆ ሳለ ከተለጠፈ ሞተሩ ላይ ሲዘረጋ ልጣፉ ይጎተትና ይላቀቃል። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጡ አስገብታችሁ መኪናው ላይ በሚቆይበት ርዝመት ዘርጉት። ከመሃል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ለጥፉ፤ አንዴ ከነካ መመለስ የለም። በእጥፋቱ ሸለቆ ውስጥ በካቻቪቴ እጀታ እሹት፣ ከዚያ 24 ሰዓት ይቆይ።

ልጣፉ ሁልጊዜ ከውጭ ይሁን። ሞተሩ ስለሚስብ ከውጭ ያለውን ወደ ጎማው ያጣብቀዋል፤ ከውስጥ ያለው ግን ተላቆ ወደ ሞተር ሊሄድ ይችላል። ከቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ከሚገፋው) በኋላ ያለው ጎማ ግፊት ስላለው በዚህ መንገድ አይጠገንም። የፍሬን፣ የነዳጅና የራዲያተር ጎማም እንደዚያው፤ ይቀየራሉ እንጂ አይለጠፉም።

ሱፐር ግሉ እጥፋት ላይ አይግባ። ደርቆ እንደ ጠጠር ይሆንና ጎማው ከጎኑ አዲስ ቦታ ይሰነጠቃል። ለማይታጠፈው የበር ጎሚኒ መጋጠሚያ ግን ከማስቲሽ ይሻላል።

ስንጥቁ ፋሸታ (ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት) የሚያስረው አንገት ላይ ከሆነ አትድከሙ። ትርፍ ርዝመት ካለው ቆርጣችሁ እሰሩት፤ ከሌለው አዲስ አበባ ካለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ፈልጉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን እጥፋት በአውራ ጣት ከፍታችሁ እዩት።