ምች አይደለም፣ እማዬ

ኅዳር ላይ ጀርመን ቶሎ ይመሻል። ፀሐይዋም አቅም የላትም። የቆዳ ሐኪሜ ፀሐይ ያበላሸውን የፊቴን ቆዳ የሚያክመውን ክሬም በዚህ ወር እንድጀምር የመከረችኝ ለዚህ ነው።

አልቢኒዝም አለብኝ። ቆዳዬ ከፀሐይ የሚከላከልለት ቀለም የለውም። ግንባሬ፣ አፍንጫዬና የጆሮዬ ጫፍ ላይ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነገር ከወጣ ቆይቷል። አክቲኒክ ኬራቶሲስ ይባላል። ካንሰር አይደለም። አብዛኛው እንደዚያው ይቀራል፤ አንዳንዱ ግን ወደ ቆዳ ካንሰር ይለወጣል። የትኛው እንደሚለወጥ ቀድሞ ስለማይታወቅ ማከሙ ይሻላል።

ሐኪሟ የት እንዳደግኩ ጠየቀችኝ። መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ፣ አልኳት። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የኛ ደጋ ደግሞ ያታልላል። ነፋሱ ይቆረጥማል፣ ሰው በርኖስ ደርቦ ይውላል፣ ማንም ፀሐይ ያቃጥለኛል ብሎ አያስብም። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ነበር ፊቴ መንደድ የሚጀምረው። እማዬ ቅቤ ትቀባኝና እተኛለሁ። በነጋታው ተመልሼ ሜዳ።

ክሬሙ ፍሎሮዩራሲል ይባላል፣ የኔው 5 በመቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎች ዲኤንኤ እንዳይሠሩ ስለሚያግድ በፀሐይ የተበላሹትን ለይቶ ይመታል። ጤነኛው ቆዳ ያን ያህል አይጎዳም። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ቀላ። ከዚያ ማሳከክ፣ ማቃጠል። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልፍ ቆዳው ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ቅርፊት ያዘ። ደህና ነው ብዬ የማስበው ቦታ ሁሉ ሳይቀር ቀላ። ጉዳቱ እዚያም ነበረ ማለት ነው፣ ዓይን አላየውም እንጂ።

እማዬ ደብረ ብርሃን ሆና በቪዲዮ ስታየኝ ጮኸች። «ልጄን! ምች መትቶታል!» አክስቴ ከኋላዋ ብቅ ብላ ዳማከሴ ጨምቄ ልላክለት ትላለች። ጎረቤቷ የሸኖ ቅቤ ይሻለዋል ትላለች። አንዷ ደግሞ ፀበል። ሁሉም በአንድ ስልክ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ፊቴ እየነደደ ማስረዳት ከበደኝ። «ምች አይደለም፣ እማዬ። መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው» ብላት አላመነችኝም። መድኃኒት የሚያድን እንጂ የሚያቆስል ታውቅ ዘንድ ከየት? በአንድ ነገር ግን ልክ ነበረች። ምችን ፀሐይ ታመጣለች ይባላል፤ የኔንም ያመጣችው ፀሐይ ናት። ከዚያ ተነስቼ ሳስረዳት ገባት። የተከፈተ ቁስል ላይ ቅጠል እንደማልቀባ፣ ፀበሉን ግን ፊቴ ሲድን ስመጣ እንደምጠመቅ ቃል ገባሁላት።

ጾሙ ገብቶ ስለነበር በርበሬ የበዛበት ሽሮ ከንፈሬን ያነደኝ ነበር፤ አልጫ በላሁ። ፊቴን በለብታ ውኃ እታጠባለሁ፣ ሐኪሟን ጠይቄ ቫዝሊን እቀባለሁ። ክሬሙን ከዓይንና ከአፍ ማራቅ፣ ከተቀቡ በኋላ እጅን በደንብ መታጠብ የግድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ልትነካው አይገባም። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ድመት አለው፤ ውሻ ወይም ድመት ይህን ክሬም ከላሰ ሊሞት ስለሚችል ቱቦውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ድመቱንም ከክፍሌ አስወጥቼ ሰነበትኩ።

ከቃጠሎው የባሰብኝ ሰው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ኋላ ቆምኩ። የሚተላለፍ በሽታ መስሏቸው ፈንጠር ያሉ ነበሩ። አንድ የአንኮበር ሽማግሌ ብቻ መጥተው «ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጄን ጨብጠው አጠገቤ ቆመው አስቀደሱ። እንዲህ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው እንዴት እንደሚያሳርፍ ያን ቀን አየሁ።

ለገና ደብረ ብርሃን ስገባ ቁስሉ ድኖ ቆዳዬ ሮዝ ሆኖ ነበር። እማዬ ግንባሬን ዳሰሰችና «ለሰለሰ እኮ!» አለች። ቃሌንም ጠብቄ ተጠመቅሁ። ከዚያ መንዝ፣ አጎቴ ዘንድ ወጣሁ። ገብስ እየተወቃ ነው። አውድማው ዳር እንደኔው አልቢኒዝም ያለበት ልጅ በግ ይጠብቃል። ራሱን አልሸፈነም። ጆሮው ተሰነጣጥቋል።

ኮፍያዬን ሰጠሁትና እናቱ ዘንድ ሄድኩ። «ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ አይጎዳውም ብዬ ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። ብዙ አወራን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በተቻለ መጠን ጥላ ውስጥ ቢሆን፣ በጉን ጠዋት በማለዳና ወደ ማታ ቢጠብቅ። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ። አልቢኒዝም የዓይንን እይታም ስለሚያደክም ትምህርት ቤት ሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ። በሳምንታት የማይድን ቁስል ካየች ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትውሰደው፣ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታልም የቆዳ ሕክምና አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ደግማ ነገረችኝ።

ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ወገኖቼ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ሻንጣችሁ ውስጥ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 50 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ያዙለት። የተረፋችሁን ፍሎሮዩራሲል ግን ለማንም አትስጡ። ሐኪም ሳያይ ከተቀቡት፣ ካንሰር የሆነውን ቁስል ላዩን አድርቆ ውስጡን ሊደብቅ ይችላል።