ከጅረቱ ማዶ የተገኘው ሰፈር

ላጋር አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ፣ ያዩ ከሰል ማውጫ አጠገብ ላለች ትንሽ የሠራተኞች ሰፈር የመግቢያ መንገድ ካርታ ይሠራ ነበር። ያዩ ኢሉባቦር ውስጥ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከሰሉ በባዛልት ንብርብሮች መካከል በታፈነ ደለል ውስጥ ያለ፣ አመዱ የበዛ ለጋ ከሰል ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው ጫካና ቡና እንጂ ከሰል የለም፤ ብቅ የሚለው ወደ ገባ ወንዝ የሚወርዱት ጅረቶች ባዛልቱን ቦርቡረው በከፈቱት ገደል ላይ ነው። ስለዚህ ቆፋሪውም፣ ጎጆውም፣ የእግር መንገዱም ጅረት ይዞ ይሄዳል። ኋላ ጣጣውን ያመጣው ይኸው ነው።

ለካርታው 19 ነጥቦች ተሰበሰቡ። የመጀመሪያው ስሕተት ያስቃል። በካርታ ሥራ ምድር ስድስት ስድስት ዲግሪ ስፋት ባላቸው ዞኖች ተከፍላ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጠራል፤ የዞን 36 እና የዞን 37 ድንበር የሆነው 36ኛው የኬንትሮስ መስመር ከያዩ ከተማ በስተምሥራቅ ስለሚያልፍ ከተማዋ ዞን 36 ውስጥ ናት፤ በደሌ ግን ዞን 37 ነው። ካርታ ሠሪዋ የአዲስ አበባ ልማድ ይዟት 37 ብላ አስገባች። ሰፈሩ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ከሐረር በስተደቡብ ቆላው ላይ አረፈ። ይህን ማንም አይቶ ያውቀዋል፤ በአምስት ደቂቃ ተስተካከለ። ለነገሩ ቁጥሩ ራሱ ይናገር ነበር፦ በዞን 36 የያዩ የምሥራቅ ንባብ ከ800 ሺህ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በ37 ቢነበብ ከ170 ሺህ በታች ይወርድ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ሁለት ሳምንት ተደብቆ ተቀመጠ። ነጥቦቹ ያረፉበት መደብ የቆየው የ1:50,000 ካርታ ነው፤ እሱ የተሠራው በአዲንዳን ዳተም ነው (ዳተም ማለት የቦታ ቁጥር የሚነሣበት መሠረት ነው)። የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ ካልነኩት በስተቀር የሚያነበው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው። በእኛ አገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ግድም ይደርሳል። ካርታው ላይ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን ከጅረቱ ደቡብ ያለው ሰፈር ተሻግሮ ሰሜን ዳር ተቀመጠ። መንገድ ቀያሹም የተሰጠውን አምኖ ድልድይ ሣለ፤ ድልድዩም የወጪ ዝርዝር ውስጥ ገባ።

የነቃው አንድ አሮጌ ቀያሽ ነው፤ ካርታውን ሳይሆን የመስክ ፎቶግራፉን አይቶ።

«ልጄ፣ ጧት የተነሣ ፎቶ ነው ብላችኋል። ፀሐይዋ በስተቀኝ ናት፣ ጅረቱ ከቤቶቹ ጀርባ። እንግዲህ ውሃው በየት በኩል ነው?»

«በ... ሰሜን፣ ጋሼ።»

«ካርታሽ ላይስ?»

መልስ አልነበረም። ከፎቶውና ከካርታው የትኛው ይታመን የሚል ክርክር ተነሣ፤ እሳቸውም ያንን ለመቁረጥ ጂፒኤሱን አንሥተው ወደ ባቡር ጣቢያው ወረዱ። አንበሳው ሐውልት አጠገብ ቆመው አነበቡ፦ ምሥራቅ 472 ሺህ፣ ሰሜን 996 ሺህ ግድም። ተመልሰው ያንኑ ቁጥር በአሮጌው የአዲስ አበባ ካርታ ላይ ሲያስቀምጡት ነጥቡ ከጣቢያው ላይ አላረፈም፤ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አቅጣጫ ሸሽቷል። ክርክሩም አበቃ። ፎቶው አስነቃ እንጂ አልመሰከረም፤ የመሰከረው ጣቢያው ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ሶፍትዌሩ ላይ አዲንዳንን ሲመርጡ የኢትዮጵያውን የሦስት አቅጣጫ ሽግሽግ፣ ማለትም −165፣ −11 እና 206 ሜትር የሚለውን መውሰድ ነው። የሱዳኑም አማካዩም ከጎኑ ተደርድረው ስለሚገኙ እጅ ይስታል።

በዚያው ሰሞን የካርታው ግርጌ ጽሑፍም ተፈተሸ። የያዩ ቡና ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበው «በ2010 ዓ.ም.» ይላል። 2010 የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 2002 ዓ.ም. ነበር። በሽታው ያው ነው፤ ቁጥሩ ትክክል፣ የተቆጠረበት ግን ሌላ ነው።

ሆኖም 19ኙም ነጥቦች በአንድ ትእዛዝ ሲቀየሩ ሦስቱ ጭራሽ ተበላሹ። እነዚህ ሦስቱ ቢሮ ውስጥ ከአሮጌው ካርታ ላይ የተነበቡ ነበሩና ድሮም አዲንዳን ናቸው፤ አሁን ያለቦታቸው 200 ሜትር ወደ ደቡብ ወረዱ። ሠንጠረዡ ላይ «ከየት ተነበበ» የሚል ዓምድ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።