ትክትክታው መቼ ጠፋ?

ዛሬ ጠዋት ደብሮኝ ነበር። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልፈለግኩለትም። ሲደብረኝ የማደርገውን ታውቃላችሁ፤ ግቢ ወጥቼ የአባዬን ቮልስ አስነሳለሁ። ተነሳች። ግን ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳልረግጥላት፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። የማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ፣ ድምፅ አንድ ምት እየዘለለ ነው።

ለአራቱ ሲሊንደሮች ብልጭታ የሚሰጡትን የካንዴላ ገመዶች በየተራ ነቀልኳቸው። አንደኛውን ስነቅል ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሁለተኛውና አራተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም የለም። ድሮውንም አልሠራም ነበር ማለት ነው። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ብልጭታውን የሚያዘውን ፑንቲና አየሁ፣ ያው ናት።

ከሰዓት ጋሼ የሲሊንደር ግፊት መለኪያቸውን ይዘው መጡ። ሞተሩን አሙቀን አራቱንም ካንዴላ ፈታን። እኔ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጬ በሞቶሪኖ፣ በማስነሻው፣ አሽከረከርኩት። 90፣ 88፣ 45፣ 85። ሦስተኛዋ 45 ናት። እኔ ግን በሌሎቹም ደንግጬ ነበር፤ የአባዬ መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር ከ100 ፒኤስአይ በላይ ያወጣል ይላላ። ጋሼ ሳቁ። «መጽሐፉን የጻፉት እዚህ ከፍታ ላይ ሆነው መሰለህ?» እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ሲሊንደር ደግሞ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ አንዱን ሲሊንደር ከጎረቤቱ ጋር ማስተያየት ይሻላል። 90 አጠገብ የተቀመጠ 45 የትም አገር በሽታ ነው።

ግፊቱ የሚያመልጠው በፋሻው፣ በፒስተኑ ቀለበት፣ ነው ወይስ በቫልቭ? ሌላ መኪና ቢሆን አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች ግን የተጋደሙ ናቸው። ዘይቱ ወደ ታችኛው ጎን ይፈስና ፋሻውን ዙሪያውን አይሸፍነውም፣ ያሳስታል። ስለዚህ ጋሼ ቫልቮቹ በሚዘጉበት ቦታ ላይ ሞተሩን አቁመው በካንዴላው ቀዳዳ አየር ነፉበት። እኔ ጆሮዬን ማርሚታው ጋ አስጠጋሁ። ስስስስ። የጭስ ቫልቩ ነው። በእነዚህ የቆዩ ቮልሶች መጀመሪያ የምትጎዳው ሦስተኛዋ ናት፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ፋኑ ከሚነፋው አየር መንገድ ላይ ቆሞ ንፋሷን ይሻማታል። ቦታው የተቀየረው በፈረንጅ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ የእኛዋ ደግሞ 1968 ናት።

ከዚያ ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ትክትክታው መቼ ጠፋ?»

ገና አካባቢ። ያቺ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የምትለው ድምፅ ቀነሰችና እኔ ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ቫልቩ በሙቀት እየተለጠጠ፣ በእሱና በሚገፋው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት እየበላው ነበር። 0.15 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ክፍተት ሲያልቅ ትክትክታውም አብሮ ያልቃል። ቫልቩ ግን ከዚያ በኋላ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፣ ሙቀቱን ለቴስታታው፣ ለሲሊንደሩ ክዳን፣ የሚያስረክበው ደግሞ ሲዘጋ ነው። «የላላ ቫልቭ ይጮሃል ልጄ። የሚቃጠለው የጠበቀው ነው» አሉኝ። አባዬ እሁድ እሁድ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ ከሥሯ ተንጋሎ የሚለካው ይሄንን ነበር።

ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው የዕቃ ጎድጓዳ የታናሼ ነበረች። ሞተሩ እዚያው ጀርባዋ ስለሆነ ይሞቃታል፣ ከደብረ ዘይት ስንመለስ እዚያ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። አንዳንዴ ትነቃና «አባዬ፣ ዛሬ ድምፁ ሌላ ነው» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

አሁን ቤይሩት ናት። የመጀመሪያው ዓመት የምትልከው የድምፅ መልእክት አሥር ደቂቃ ይሆን ነበር። ስለ ማዳሟ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እንቅልፍ ታማርራለች፣ እማዬ እየሰማች ታለቅሳለች። ከፋሲካ ወዲህ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብቻ ሆነ። እኛ ለመደች አልን። እማዬ እንዲያውም ለማርያም ሻማ አበራች።

በየመልእክቷ መጨረሻ አንድ ነገር አትረሳም። «ቮልሷስ?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላታለሁ።

አሁን መሽቷል። የዛሬውን የሞተር ድምፅ ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ። ብልክላት ገና ስትሰማው ታውቃለች፣ እንደዋሸኋትም ጭምር። ከዚያ የእሷን «ደህና ነኝ» እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቃት?