ኦፍሬንዳ ለሙዚየም ከመሥራታችሁ በፊት ይህን እወቁ

የባለቤቴ አባት ከሜክሲኮዋ ሚቾአካን ግዛት መጥተው ካሊፎርኒያ ውስጥ ወይን ሲለቅሙ ኖረው አረፉ። በአካባቢያችን ያለ አንድ ሙዚየም ለሙታን ቀን፣ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን ለሚያስታውሱበት በዓል፣ ቤተሰቦች ኦፍሬንዳ (ለሟች መታሰቢያ ስጦታ የሚደረደርበት መሠዊያ) እንዲሠሩለት ሲጋብዝ ባለቤታቸው፣ አማቴ፣ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ ደብዳቤውንና ስልኩን እኔ ያዝኩ።

ማመልከቻው ቀላል ነው። የኦፍሬንዳውን ደረጃ ከእንጨት ሠራን፤ ፓፔል ፒካዶውን፣ በቀዳዳ የሚያጌጠውን ወረቀት፣ ልጆቹ ቆረጡ።

ጣጣው የመጣው ዕቃ በምናስረክብበት ቀን ነው። ሠራተኛዋ ዝርዝር አውጥታ ታነብልን ጀመር፦ ሻማ አይበራም፣ ኮፓል (እንደ ዕጣን ያለ የዛፍ ሙጫ) አይጨስም፣ ትኩስ አበባና ዳቦ ተባይ ስለሚስብ አይገባም፣ ፈሳሽ ክልክል ነው። ኤግዚቢሽኑ ለወራት ስለሚቆይ የአበባው ይገባኛል፤ የእሳቱም። ውሃው ግን ከሩቅ መንገድ ተጠምቶ ለሚመጣው ሟች ነው የሚቀመጠው። "ብርጭቆው ውስጥ ግልጽ ሙጫ እናደርቅበታለን፤ ውሃ ይመስላል" አለች። አማቴ "ታዲያ ምኑን ይጠጣል?" አሉ። ተረጎምኩላት፤ መልስ አልነበራትም።

ቀጥሎ የሟቹ የገለባ ባርኔጣ። ጠርዙ በላብ ጠቁሯል፤ የአውራ ጣታቸው መያዣ ላይ ገለባው ተሰብሯል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል፣ ብል ካለበት እንዲሞት ተባለ። አሠራሩ በሙዚየም የተለመደ ነው፤ ገለባና ሱፍ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም ዝቅ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ግን ባላቸውን ለቀበሩ ሴት ይህ በር ላይ ይነገራል? የግብዣው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ምን ነበረበት? እስካሁን ያበሽቀኛል።

ደግሞም ይህን ልማድ ጋለሪ ውስጥ ያስገባው ማኅበረሰቡ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1972 ጋሌሪያ ዴ ላ ራዛ ላይ ያሳዩት የቺካኖ (ሜክሲኮ-አሜሪካውያን) አርቲስቶች ናቸው። የቺካና አርቲስቷ አማሊያ ሜሳ-ቤንስ በ1984 ለሜክሲኮዋ ተዋናይት ዶሎሬስ ዴል ሪዮ የሠራችው ኦፍሬንዳ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ጥበብ ሙዚየም ክምችት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ስትጋበዙ አንገታችሁን አትድፉ፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡ።

እኛም አስቀመጥን። አማቴ ባርኔጣውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ፎቶውና የወረቀት አበባው ቀረ። ኖቬምበር 2 ማታ ግን ሙዚየሙ ግቢ ላይ ሌላ ኦፍሬንዳ ዘረጋን፦ እውነተኛ ውሃ፣ ትኩስ ሴምፓሱቺል (የበዓሉ ብርቱካንማ አበባ)፣ አማቴ የጋገሩት ፓን ዴ ሙዌርቶ (የሙታን ዳቦ)፣ የሚጨስ ኮፓል። ከውስጡ ይልቅ እዚያ ነበር ሰው የተሰበሰበው። በእሱ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ሳትፈርሙ ስለ እሳት፣ ፈሳሽ፣ ምግብ፣ አበባና ፍሪዘር በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። የሙዚየሙ መመሪያ የሟቹን የራሱን ዕቃ አምጡ ይላል፤ እኔ አታምጡ እላለሁ። ፎቶም ቢሆን ለወራት መብራት ሥር ይደበዝዛል፤ ቅጂውን ስጡ። ዳቦውን ቫርኒሽ ቀቡት ቢሏችሁ እምቢ በሉ፤ ከሸክላ ይሠራ። ግቢውን ለኖቬምበር 1 እና 2 ቀድማችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያው ቀን የሕፃናት፣ ሁለተኛው የአዋቂዎች ነው። ለኮፓሉ የእሳት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ በመጀመሪያው ስብሰባ ጠይቁ፤ ካስፈለገ ሙዚየሙ ራሱ ያውጣው።