ቀዝቃዛ ከተማ፣ የጋለ ዩፒኤስ

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። ሰርቨሮቻችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ኤሲ ይገዛ ሲባል የተቃወምኩት እኔ ነኝ። «አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል? ቬንትሌተር ይበቃል» አልኩ። ወጪ ስለሚቀንስ ሁሉም ተስማማ።

የካቲት ውስጥ፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ ዩፒኤሱ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ለሰርቨሮቹ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ፣ ጮኸና ጠፋ። ሰርቨሮቹም አብረው ጠፉ። ታች ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ ስልኬ አላርፍ አለ። ዩፒኤሱ የጠፋው ከመጠን በላይ ግሎ ነው። የክፍሉ ቴርሞሜትር ግን 27 ዲግሪ ነው የሚያሳየው። ማኑዋሉ እስከ 40 ይፈቅዳል። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ የግዢ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ጄኔሬተራችንን የሚጠግኑት ጋሼ ደብዳቤውን አዩት። «ልጄ፣ ስንት ሎድ ነው የጫንክበት?» አሉኝ። ከአቅሙ ዘጠና በመቶ ነበር። «ማኑዋሉን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?» አላነበብኩም። መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ አቅሙ ይቀንሳል። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ነገሩን ያስረዱኝ ቁጭ ብለው ነው፣ እስካሁንም አመሰግናቸዋለሁ። የዩፒኤሱ ፋን የትም ቢሆን በደቂቃ የሚገፋው አየር በመጠን አንድ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ስለዚህ ፋኑ እኩል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ፀሐይ በቅድሚያ የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ አየሩን የሚያሞቀው በአብዛኛው መሬቱ ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስለታል፣ ይስፋፋል፣ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከተማችንን ቀዝቃዛ ያደረጋት ከፍታ አየሯንም ስስ አድርጎታል። እኔ የተማመንኩበት ብርድና ዩፒኤሱን ያጋለው የአየር መሳሳት ምንጫቸው አንድ ነው።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ዩፒኤሱን ከግድግዳ አስጠግቼው ስለነበር የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበው ነበር። ከግድግዳው አራቅነው። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ኮርኒሱ ሥር መውጫ ከፈትን። ከሎዱ ሲሶውን ወደ ሌላ ዩፒኤስ አዞርን።

ከዚያ ደብዳቤውን መልሼ፣ ኤሲውን ያስቀረሁት ሳላጣራ መሆኑን ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ልንገዛ ስንሄድ ጋሼም አብረውኝ መጡ። ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ሻጩን «ይሄ ኤሲ በ2,300 ሜትር ላይ ስንት ያቀዘቅዛል?» አሉት።