የዳሌ አጥንት መሞት እውነት ብርቅ በሽታ ነው?

ወንድሜ ኤቪኤን (ይሄው የዳሌ አጥንት መሞት) አለብህ ከተባለ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ግማሽ ዶክተር ሆኗል። ሐኪሙ «ብዙ የሚያጋጥም አይደለም» ስላለው እኔ ደግሞ እልህ ይዞኝ በሀገር ደረጃ የተቆጠረበት ቦታ ካለ ብዬ ማታ ማታ ስፈልግ ከረምኩ።

ለማያውቅ ሰው፣ የጭን አጥንት ዳሌ ውስጥ የሚገባው ክብ ጫፉ ደም ሲቋረጥበት ይሞታል፣ ከዛ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ይደረመሳል። ስብራት ያመጣዋል፣ ካልሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በብዛት የተወሰደ ስቴሮይድ (እነ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን) ወይ መጠጥ ነው፣ ሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) ያለባቸውም ላይ ይመጣል።

ደቡብ ኮሪያ በፈረንጆቹ 2002 ከ100,000 ሰው 20 ገደማ የነበረው በ2006 ወደ 38 ደርሷል። ጃፓን በ2004 ታክመዋል ብላ የገመተችው 11,400 ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ሐኪሙ ልክ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ቻይና በ2012 እና 2013 ከ30,000 በላይ ሰው ዳሌውን በራጅ ወይ በኤምአርአይ አይታ 218 ሰው ላይ አገኘችው፣ ስብራት ያመጣውን ሳይጨምር ማለት ነው፣ ይሄ ወደ ሀገሩ ሲሰላ 8.12 ሚሊዮን ሰው ይሆናል!! ከ100,000 ከ700 በላይ በሉት፣ ወንዶቹ ላይ ደግሞ የሴቶቹን እጥፍ።

ቻይናዎች አጥንታቸው ከኮሪያኖቹ ያን ያህል የተለየ አይመስለኝም። እነ ኮሪያ የቆጠሩት አሞት ሆስፒታል የመጣውን ነው፣ ቻይና ግን ሰዉ ጋ ራሷ ሄዳ ነው የፈለገችው። በሽታው ሲጀምር ላያም ይችላል፣ ራጅ ላይም አይታይም፣ ሲያም ደግሞ ብሽሽት ላይ ወይ ጉልበት ላይ ነው የሚሰማው። የኛ ሰውዬ ካልሲ ለማድረግ እግሩን ማጠፍ አቅቶት፣ ሚኒባስ ሲገባ በእጁ ጭኑን አንስቶ እያስገባ፣ ስንት ጊዜ ጉልበቱን ራጅ ተነሳ መሰላችሁ፣ ነርቭ ነው ተብሎም መርፌ ተወግቷል። ያኔ ማንም ሀገር ቢቆጥር እሱ አይቆጠርም ነበር።

በነገራችን ላይ ፋርማሲ ሄዳችሁ ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ የምትገዙ፣ በተለይ ለመወፈር ብላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ኤምአርአዩ ሁለቱንም ዳሌ ይነሳ ብለን የግድ አልን፣ ስቴሮይድ ያመጣው ከሆነ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ስለሚይዝ። ምንም ያላመመው ግራው ላይም ጀምሯል፣ ግን ገና አልተደረመሰም፣ ለሱ ቀጠሮ ይዘናል።